ካሹ ገበያው ድረስ ይምጣ፦ በሐዋሳ ዙሪያ የስልክ ገንዘብ ለገጠሩ ሰው እንዲሠራ ምን ማድረግ ይቻላል

ስልክ ላይ ያለ 1,500 ብር በየቦታው እኩል አይደለም። ሐዋሳ፣ አቶቴ ወይም ፒያሳ አካባቢ ያለ ሰው መንገድ ተሻግሮ ከስልክ ገንዘብ ወኪል ያወጣዋል፤ ወይም ጭራሽ ሳያወጣው ሱቅ ይከፍልበታል። ከአለታ ወንዶ ወይም ከዳዬ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ግን የሰፈሩ ወኪል «ካሽ የለም» ካለው ወደ ከተማ መሳፈር ግድ ይሆንበታል። ለስሌት ያህል ደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ 200 ብር ነው እንበል። ከ1,500 ብሩ ከ13 በመቶ በላይ የሚሆነው መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። በዚያው መኪና ሄዶ 60,000 ብር የሚያወጣ ነጋዴም ያንኑ 200 ብር ይከፍላል፤ ለእሱ ግን ከገንዘቡ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ጉዳቱ በትራንስፖርቱ አያበቃም። ከተማ ገብቶ ገንዘብ ያወጣ ሰው እግረ መንገዱን ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ የልጁን ደብተር እዚያው ይገዛል። የሰፈሩ ባለሱቅ ገበያ ያጣል፤ ገበያ ያጣ ባለሱቅ የሚያመጣውን ዕቃ ይቀንሳል፤ ዕቃ ሲያንስ ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋ ሲወጣ ደግሞ የቀረውም ሰው ከተማ መሄድ ይጀምራል። ለገጠሩ ይጠቅማል የተባለው አገልግሎት የገጠሩን ገንዘብ ወደ ሐዋሳ የሚያሻግር የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ የዲጂታል ፋይናንስ በአካባቢዎች መካከል ያለውን ልዩነት ማጥበቡም ሆነ ማስፋቱ በአመዛኙ የሚወሰነው በአንድ ነገር ነው ብለን እናምናለን፦ ስልክ ላይ የገባው ገንዘብ ሰውየው በሚኖርበት ቦታ፣ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ካሽ ወይም ዕቃ መሆን መቻሉ። ይህ ጽሑፍ ያንን እንዴት ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል። የተጻፈውም በገጠር ገበያዎች ወኪል ለሆኑ ወይም ለመሆን ለሚያስቡ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሒሳብ ሠራተኞችና ለወረዳ ባለሙያዎች ነው።

ሒሳብ መክፈት ብቻውን ለምን አይበቃም

የዓለም ባንክ የፊንዴክስ ጥናት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ሒሳብ ያላቸው አዋቂዎች እ.ኤ.አ. በ2014 22 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 35 በመቶ ደረሱ። በዚያው በ2017 ከወንዶች 41 በመቶው፣ ከሴቶች ደግሞ 29 በመቶው ብቻ ነበሩ ሒሳብ ያላቸው። ከዚያ በኋላ የስልክ ገንዘብ አገልግሎቶቹ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ የተመዝጋቢው ቁጥር በሚሊዮኖች ተቆጠረ። ነገር ግን የተመዘገበ ሰው ቁጥር የሚነግረን ምዝገባውን እንጂ አጠቃቀሙን አይደለም።

የኬንያው ልምድ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ኤም-ፔሳ 194,000 ቤተሰቦችን፣ ማለትም ከኬንያ ቤተሰቦች 2 በመቶ ያህሉን፣ ከድህነት እንዳወጣ ገምተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው የለኩት ነገር ነው፤ ማን ሲም ካርድ አለው ብለው ሳይሆን ከቤተሰቡ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ የወኪሎች ብዛት ምን ያህል ጨመረ ብለው ነው ያሰሉት። ለውጡን ያመጣው ቅርብ የሆነ ወኪል ነው። የጥቅሙ ድርሻም በሴቶች በሚመሩ ቤቶች ከፍ ብሎ ታይቷል።

የቻይናው የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የክፍለ ሀገሮችን የዲጂታል ፋይናንስ ደረጃ ሲያወጣ ስፋትን፣ የአጠቃቀም ጥልቀትንና የአገልግሎቱን ዲጂታልነት ለየብቻ ይለካል። ወረዳ ላይ የምትሠሩም ይህን አካሄድ ብትወስዱ ይጠቅማል። ስንት ሰው ተመዘገበ? የተመዘገበው በወር ስንት ጊዜ ተጠቀመ? ሲጠቀምስ ስንት አወጣበት? ሦስቱን አንድ ላይ ደምሮ አንድ ቁጥር ማቅረብ ችግሩን ይሸፍነዋል።

መጀመሪያ የተመለሰውን ሰው ይቁጠሩ

የአገልግሎት ሰጪዎች ሲስተም የሚመዘግበው የተሳካ ግብይትን ነው። ወኪሉ ጋ መጥቶ «ካሽ የለም፣ ነገ ና» የተባለ ሰው የትም አይመዘገብም። ሪፖርቱ ላይ የለም፤ ስለዚህ ችግሩም የለም ይባላል። ይህን ማስተካከል የሚችለው ወኪሉ ራሱ ነው፤ የሚያስፈልገውም አንድ ደብተር ብቻ ነው።

ደብተሩን በሰባት ዓምድ ይከፍሉታል፦ ሰዓት፣ ማውጣት ወይም ማስገባት፣ መጠን፣ ከየት ቀበሌ፣ ወንድ ወይም ሴት፣ ተሳካ ወይም ተመለሰ፣ የተመለሰበት ምክንያት። ለምክንያቱ አጭር ፊደል ይበቃል፦ «ካ» ካሽ የለም፣ «ባ» ስልኩ ላይ ባላንስ የለም፣ «ኔ» ኔትወርክ፣ «ፒ» ፒን ረስቶ፣ «ገ» ከገደብ በላይ፣ «መ» መታወቂያ። ስም አይጻፍም፤ ስልክ ቁጥርም አይጻፍም፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልጉም። ቢያንስ 4 ሳምንት ይቀጥሉ፤ የገበያ ቀኑ አራት ጊዜ መግባት አለበትና። ግማሽ ቀን ብቻ መመዝገብ ያሳስታል፤ የጠዋቱና የከሰዓቱ ገንዘብ አቅጣጫ ይለያያልና።

ከአራት ሳምንት በኋላ የተመለሰውን ለመጣው ሰው ጠቅላላ ቁጥር ያካፍሉ። ከ10 ሰው 1 በላይ እየተመለሰ ከሆነና አብዛኛው ምክንያት «ካ» ከሆነ ተጨማሪ ሰው ከመመዝገብ በፊት ካሹን ማስተካከል ይቀድማል። «ኔ» ከበዛ የእርስዎ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ደብተሩን ይዘው ለኩባንያው አቤት የሚሉበት ማስረጃ አገኙ ማለት ነው። ቀንና ሰዓት ያለው ቅሬታ «ኔትወርክ ይቆራረጣል» ከሚል ደብዳቤ የበለጠ ይሰማል።

ስንት ካሽ ያስፈልጋል? ስሌቱ

ብዙ ወኪል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቀኑን ወጪና ገቢ ያቀናንስና ልዩነቱን ይይዛል። በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል፤ ገበያ ላይ ግን አይሠራም።

ምሳሌ እንውሰድ። በቡና ወቅት፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ሰዎች በድምሩ 84,000 ብር አወጡ፤ ባለሱቆችና ሌሎች 31,000 ብር አስገቡ። ልዩነቱ 53,000 ብር ነው። ይሁንና የሚያወጣው ሰው የሚመጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው፤ ገበያ ሊገዛበት ነዋ! ባለሱቁ ደግሞ የሚያስገባው ሽያጩ ካለቀ በኋላ፣ ከ9 ሰዓት ወዲያ ነው። እስከ 6 ሰዓት ያለውን ብቻ ስናይ 62,000 ብር ወጥቶ 6,000 ብር ብቻ ገብቷል። ስለዚህ ጠዋት ሲከፍት እጁ ላይ መኖር ያለበት 56,000 ነው እንጂ 53,000 አይደለም። በዚያ ላይ 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 67,200 ብር ይመጣል። ወደ 68,000 ያጠጉት።

እርስዎም ከደብተርዎ ላይ ለእያንዳንዱ የገበያ ቀን በየሰዓቱ የወጣውን ከገባው እየቀነሱ ይደምሩ፤ ከአራቱ ገበያዎች ትልቁን ክፍተት ይውሰዱ፤ 20 በመቶ ይጨምሩ። የተመለሰውን ሰው መጠንም እንደወጣ አድርገው ይቁጠሩት፤ ካልቆጠሩት የትናንቱን እጥረት ለነገም እያቀዱት ነው።

መጠኑ ብቻ ሳይሆን የብሩ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ባለ 200 ብር ኖት ብቻ የያዘ ወኪል 1,350 ብር መስጠት አይችልም፤ «ዝርዝር የለም» ብሎ 1,200 ብቻ ይሰጣል፣ ወይም ደንበኛው ዝርዝር ፍለጋ ገበያውን ይዞራል። ለ68,000 ብር የሚሆን አንድ ጥሩ ድልድል ይኸውና፦ ባለ 200 ኖት 200 (40,000 ብር)፣ ባለ 100 ኖት 180 (18,000 ብር)፣ ባለ 50 ኖት 140 (7,000 ብር)፣ ባለ 10 ኖት 300 (3,000 ብር)። ባንክ ከገበያው ቀን በፊት ባለው ቀን ደውለው ወይም ሄደው ትንንሹን ኖት ያሲዙ፤ በዕለቱ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። የተቀደደና ያረጀ ኖት ባንክ ላይ ይመልሱ እንጂ ለገበሬ አይስጡ፤ ገበያ ላይ አይቀበሉትምና ኪሳራው እሱ ላይ ያርፋል።

የወቅቱ አቅጣጫም ይለዋወጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ለቀማ ጊዜ ሰው ያወጣል፤ የወኪሉ ስልክ በባላንስ ይሞላል፣ ካሹ ግን ያልቃል። መስከረም ላይ፣ ሐዋሳ ለሚማር ልጅ የቤት ኪራይና ቀለብ ሲላክ፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ እጁ ላይ ካሽ ተከምሮ ስልኩ ላይ ባላንስ ያጣል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ደመወዝ በወጣ ሰሞን ከከተማ ወደ ገጠር የሚላክ ገንዘብ ይበዛል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲቃረብ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የበዓሉ ቀን በአያንቶዎች (በባህላዊ የኮከብ አዋቂዎች) የከዋክብት ቆጠራ ስለሚወሰን በየዓመቱ ይለያያል፤ ያለፈውን ዓመት ቀን አይተው አያቅዱ፣ ቀኑ እንደታወቀ ካሹን ያዘጋጁ።

ካሹን ከሐዋሳ ከማመላለስ በፊት ሰፈሩ ውስጥ ይፈልጉት

68,000 ብር ለአንድ ትንሽ ወኪል ብዙ ገንዘብ ነው። ከከተማ ይዞ መምጣትም ወጪ አለው፤ አደጋም አለው። እኛ የምንመክረው ሌላ መንገድ ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ክፍል እንድትይዙ እንወዳለን።

በማንኛውም የገጠር ገበያ ውስጥ ካሽ የሚፈልግ ሰው ባለበት ቀን ካሽ የሚያስጨንቀው ሰው አለ። እሱም ዕቃ ለመግዛት ሐዋሳ የሚሄደው ባለሱቅ ነው። የሳምንቱን ሽያጭ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከጃኬቱ ውስጥ ደብቆ፣ በሚኒባስ ይሳፈራል። ካሹ በአንድ አቅጣጫ ወደ ሐዋሳ ይወጣል፤ ወኪሉ ደግሞ ካሽ ፍለጋ በዚያው መንገድ ይሄዳል። ሁለቱን ማገናኘት ብቻ ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ሽያጫቸው ደህና የሆነ ሦስት ወይም አራት ባለሱቆችን ይምረጡ። ከገበያው ቀን ዋዜማ ማታ፣ ሱቅ ሲዘጉ፣ ያላቸውን ካሽ እርስዎ ጋ እንዲያስገቡ ይስማሙ። ሦስቱ እያንዳንዳቸው 8,000 ብር ቢያመጡ 24,000 ብር ሆነ፤ ከራስዎ የሚያስፈልገው ከ67,200 ወደ 43,200 ወረደ። ባለሱቁ የሚያገኘው ጥቅም ሁለት ነው፦ ገንዘቡን መንገድ ላይ አይሸከምም፣ የሚያስገባበት መዝገብ ደግሞ ኋላ ብድር ሲጠይቅ ይመሰክርለታል። ገንዘቡን ሲቀበሉ ፊት ለፊት ቆጥረው፣ ግብይቱን ወዲያው ይጨርሱ፤ ባለሱቁም መልእክቱ ስልኩ ላይ መግባቱን አይቶ ይሂድ። «ነገ አስገባልሃለሁ» ብሎ ካሽ መቀበል የለም፤ መተማመን የሚበላሸው በዚያ ነው።

ይህ የሚሠራው ግን ሐዋሳ ያለው አከፋፋይ በስልክ ክፍያ ሲቀበል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይቋረጣል። አከፋፋዩ በግል ሒሳቡ ሲቀበል የሒሳቡ ጣሪያ ቶሎ ይሞላል፤ ብሔራዊ ባንክ ለየደንበኛው ደረጃ የወሰነው የቀንና የቀሪ ሒሳብ ገደብ አለና። መፍትሔው የነጋዴ ሒሳብ ማስከፈት ነው፤ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥርና መታወቂያ ይዞ ወደ አገልግሎት ሰጪው ማዕከል መሄድ ነው። ወይም ደግሞ ባለሱቁ ከስልኩ ሒሳብ በቀጥታ ወደ አከፋፋዩ የባንክ ሒሳብ ያስተላልፍ፤ ከማስተላለፉ በፊት ግን የዝውውሩን ክፍያ ያስላ። የባለሱቆቹን ስም ዝርዝር ይዘው አንድ ላይ አከፋፋዩን ቢያነጋግሩት ይሰማል፤ አንድ ባለሱቅ ብቻውን ቢጠይቅ ግን «ካሽ አምጣ» ይባላል።

ይህን ዙር የበለጠ ለማጥበብ ከፈለጉ ገበሬው ጭራሽ ሳያወጣ እዚያው ሱቅ እንዲከፍል ያድርጉ። ስማርት ስልክ የሌለው ሰውም ባለ ቁልፍ ስልኩ ላይ *127# ብሎ በቴሌብር፣ ወይም *847# ብሎ በሲቢኢ ብር መክፈል ይችላል። ባለሱቁ የነጋዴ ቁጥሩን በትልቁ ጽፎ ከሚዛኑ አጠገብ ይለጥፍ። ኪውአር ኮድ ብቻ መለጠፍ ስማርት ስልክ ያለውን ወጣት ያገለግላል፤ እናቱን ግን ይተዋታል።

የኅብረት ሥራ ማኅበር ክፍያ፦ አከፋፈሉ ካልታቀደ ገበያውን ያናጋል

ማኅበራት ለአባላት በስልክ መክፈል ሲጀምሩ አብዛኞቹ ከእሸት ቡና ክፍያ ይጀምራሉ። አንመክርም። እሸት ቡና ያስረከበ ገበሬ ገንዘቡን የዚያኑ ቀን ይፈልገዋል፤ የለቃሚ ክፍያ አለበት። ኔትወርክ ጠፍቶ ገንዘቡ ከዘገየበት በሚቀጥለው ዓመት ቡናውን ለግል ሰብሳቢ ይሰጣል። የተሻለው ከትርፍ ክፍፍሉ መጀመር ነው፤ አይቸኩልም፣ መጠኑ ቀድሞ ይታወቃል፣ ስህተት ቢኖር ለማረም ጊዜ አለ።

ዝርዝሩን ሲያዘጋጁ ለእያንዳንዱ አባል የሲሙ ባለቤት ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ያስረከበው ኪሎ፣ የሚከፈለው መጠን ይጻፍ። በጣም የሚያስቸግረው ስም ነው። በማኅበሩ መዝገብ፣ በሲሙ ምዝገባና በፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለው አጻጻፍ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ በተለይ የሲዳማ ስሞች በአማርኛ ፊደል ሲጻፉ መልካቸው ይለያያል። ከመክፈልዎ ሁለት ሳምንት በፊት ዝርዝሩን በየመንደሩ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ የስልክ ቁጥሩን የመጨረሻ ሦስት አኃዝ አባሉ ራሱ ያረጋግጥ። መጠኑን ግን በአደባባይ አያንብቡ። ከዚያ ከየመንደሩ ለሁለት ሁለት ሰው ቀድመው ከፍለው ይሞክሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። 180 አባላት ያሉት ማኅበር በአማካይ 2,400 ብር ቢከፍል በድምሩ 432,000 ብር ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ከላኩና 60 በመቶው የዚያኑ ሳምንት ካወጡት 259,200 ብር ካሽ ያስፈልጋል። ከላይ ያየነው ወኪል 68,000 ብር ነው ያለው። ቀሪው ሰው የት ይሄዳል? ይርጋለም፣ አለታ ወንዶ ወይም ሐዋሳ። ማኅበሩ ራሱ የአባላቱን ገንዘብ ከሰፈር አስወጣ ማለት ነው። ክፍያውን በየመንደሩ ከፋፍለው ለአራት ተከታታይ ገበያዎች ቢያደርሱት በአንድ ገበያ 108,000 ብር ይደርሳል፤ 60 በመቶው 64,800 ብር ነው፤ ወኪሉ ይችለዋል። የሚያስፈልገው አንድ ማስታወቂያና ከወኪሎቹ ጋር ቀድሞ መነጋገር ነው። የመንደሮቹን ተራ በዕጣ ያውጡት፤ ካልሆነ አድልዎ ተደረገ ይባላል።

ክፍያው ተልኮ ከተመለሰ ሦስት ምክንያቶችን በቅደም ተከተል ይመልከቱ፦ ሲሙ ከጥቅም ውጭ ሆኖ ይሆናል፤ ስልኩ ለገንዘብ አገልግሎት አልተመዘገበ ይሆናል፤ ወይም መጠኑ ከአባሉ የሒሳብ ደረጃ ገደብ በላይ ነው። ሦስተኛው የሚፈታው ሙሉ መታወቂያ አቅርቦ ደረጃውን በማሳደግ ነው።

ገንዘቡ በማን ስልክ ይግባ

በአዋጅ 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ ይህን ሥራ ቀላል አድርጎታል። ቀበሌ መታወቂያ ያልነበራት ሴት 12 አኃዝ ባለው የፋይዳ ቁጥሯ ሲም በስሟ ማውጣትና ሒሳብ መክፈት ትችላለች። ግን ካልታሰበበት አይሆንም። በብዙ ማኅበራት አባልነቱ በባል ስም ነው፤ ቡናውን የምታደርቀው፣ የምትለቅመው ሚስት ስልክም የላትም። ዲጂታል ክፍያ ሲጀመር ቀድሞ ካሽ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ተቆጥሮ የምታየው ገንዘብ አሁን ባሏ ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ይገባና ጭራሽ አታየውም።

ስለዚህ ማኅበሩ በምዝገባ ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ «ክፍያው በአንድ ስልክ ይግባ ወይስ ለሁለት ይከፈል?» ጥያቄው ባልና ሚስት አብረው ባሉበት ይጠየቅ። ሲም ማውጫ ቀኑን ደግሞ በገበያ ቀን፣ ገበያው ውስጥ ያድርጉት፤ ሴቶች ቅቤና ቆጮ ሊሸጡ የሚመጡት በዚያ ቀን ነው። ወረዳ ከተማ ድረስ ኑ ማለት አትምጡ ማለት ነው።

ፒን ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ ይኑር፦ ወኪል የደንበኛ ፒን አይነካም። ማንበብ የማይችል ሰው አራቱን ቁጥር በቁልፎቹ ቦታ ይለምዳል፤ መጀመሪያ ስልኩ ሳይደውል ባዶ ገጽ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይለማመድ። የትውልድ ዓመት ወይም 1234 አይሁን። ሲዳሙ አፎ (ሲዳምኛ) ብቻ ለሚናገር ደንበኛ የስልኩን የምርጫ ዝርዝር በቁጥር ያስጠኑት፤ «መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ይህን» እያሉ። ልጁን ልኮ የሚያወጣ ሽማግሌ ካለ ልጁ ፒኑን ያውቃል ማለት ነው፤ ቢያንስ ትልቁን ገንዘብ አባትየው ራሱ መጥቶ እንዲያወጣ ይንገሯቸው።

የሚበላሸው ነገርና ምክንያቱ

ግብይት መሃል ላይ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሰው ደንግጦ እንደገና ይልካል። ሁለቴ ይወጣል። መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብ ይታይ፤ ካልቀነሰ ብቻ ይደገም። ከቀነሰና መልእክት ካልመጣ የግብይት ዝርዝሩ ውስጥ ገብተው የግብይቱን ቁጥር ይፈልጉ። ለወኪልም ለባለሱቅም አንድ ፓወር ባንክና የሌላ ኩባንያ ሲም መያዝ ቅንጦት አይደለም።

የሐሰት ቴክስት ሌላው ነው። ገዢው «ልኬአለሁ» ብሎ ስክሪን ሾት ያሳያል ወይም ክፍያ የገባ የሚመስል መልእክት ይመጣል። ስክሪን ሾት ክፍያ አይደለም። ዕቃ ከመስጠት በፊት የራስን ቀሪ ሒሳብ ማየት ነው፤ ገበያ ቢጨናነቅም። «በስህተት ገባብህ፣ መልስልኝ» ብሎ የሚደውል ካለ ገንዘቡን በራስዎ አይላኩ፤ ላኪው በአገልግሎት ሰጪው በኩል እንዲጠይቅ ይንገሩት።

ከሁሉ የከፋው ግን ወኪሉ ራሱ የሚሠራው ነው። ካሽ ባነሰ ቀን «20 ብር ጨምር፣ ልፈልግልህ» ይባላል። ወይም 3,000 ብር የሚያወጣን ሰው «በሦስት ጊዜ አውጣ» ይለዋል፤ የአገልግሎት ክፍያው በመጠን እርከን ሲሆን ከፋፍሎ ማውጣት ክፍያውን ያበዛዋል፣ የወኪሉንም ኮሚሽን እንዲሁ። ይህ ድሃው በድህነቱ የሚከፍለው ተጨማሪ ግብር ነው። መከላከያው የታሪፍ ዝርዝሩን በግልጽ መለጠፍና ለማኅበሩ አባላት በስብሰባ ማንበብ ነው። የወረዳው ባለሙያ ደግሞ በገበያ ቀን እንደማንኛውም ሰው 1,000 ብር አውጥቶ ይየው።

ብድሩ ለማን ይጠቅማል

ስድስት ወር ያህል በስልክ የተገበያየ ባለሱቅ ያለ ቤትና ያለ መኪና መያዣ ብድር የሚጠይቅበት መዝገብ አለው። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመረው «መላ» እና የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ሚቹ» የተባሉት ብድሮች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ከመበደር በፊት ግን ስሌቱን ይሥሩ። 5,000 ብር ለ30 ቀን በ5 በመቶ ክፍያ ቢወስዱ 250 ብር ይከፍላሉ። በየሳምንቱ ዕቃውን ሸጦ 6 በመቶ የሚያተርፍ ባለሱቅ በአራት ሳምንት 1,200 ብር ያገኛል፤ 250 ከፍሎም 950 ይቀረዋል። ለእሱ ጥሩ ብድር ነው።

ያው ብድር ለገበሬው መጥፎ ነው። ሚያዝያ ላይ ማዳበሪያ ገዝቶ ታኅሣሥ ላይ ቡና የሚሸጥ ሰው በየወሩ እያደሰ ለስምንት ወር 5 በመቶ ቢከፍል 2,000 ብር ይደርሳል፤ ከዋናው 40 በመቶ። ከተማ ዕቃው በሳምንት ይዞራል፣ ገጠር ሰብሉ በዓመት ይደርሳል፤ አንድ ዓይነት ብድር ለሁለቱ ሲሰጥ የሚበለጽገው ሳምንታዊው ነው። ገበሬው በመከር ጊዜ የሚመለስ ብድር ይጠይቅ፤ ከማኅበሩ፣ ከሲዳማ ባንክ ወይም ከኦሞ ባንክ። አዋጅ 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር መያዣ ማድረግ ስለፈቀደ ከብትም ሰብልም ለድርድር ሊቀርብ ይችላል፤ ቅርንጫፉ ላይ በግልጽ ይጠይቁ።

ወረዳ ላይ ያላችሁ ደግሞ ከባንኮችና ከብድር ተቋማት ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ በዓመቱ ከወረዳው የተሰበሰበ ቁጠባና ለወረዳው ሰው የተሰጠ ብድር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። ከተሰበሰበው 100 ብር 20ው ብቻ እዚያው ተበድሮ ከሆነ ቀሪው 80 ሌላ ቦታ እየሠራ ነው። ዲጂታል ቁጠባ ሲጨምር ይህ ቁጥር ካልጨመረ ልዩነቱ እየሰፋ ነው።

ልኬቱን በጥር መጨረሻ፣ ቡናው ካለቀ በኋላ፣ እንደገና ያድርጉት። ያንኑ ደብተር፣ ያንኑ ሰባት ዓምድ፣ ሌላ አራት ሳምንት። የተመለሰው ሰው ከ10 አንድ በታች ከወረደ፣ የሴቶች ድርሻ ከጨመረና ባለሱቆቹ ዋዜማ ላይ ማስገባታቸውን ከቀጠሉ ሁለተኛ ወኪል ከመጨመር በፊት የሱቅ ክፍያውን ያስፉ። ከሌላ ቀበሌ የሚመጡት ሰዎች ከሩብ በላይ ከሆኑ ግን አዲሱ ወኪል እርስዎ አጠገብ ሳይሆን እነሱ ዘንድ ይከፈት፤ ደብተሩ ላይ የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ተጽፏል።